የዘርፌ ልጅ ዓይን

ባለፈው የቡሄ ዕለት ከልጄ ከየሺ ጋር ኢየሱስን ተሳልመን ቁልቁል ወደ ቤት ስንወርድ፣ አንዲት እናት ከመንገዱ ዳር ካለው የድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጣ ሕፃን ስታጠባ አገኘናት። ዝናቡ ገና መቆሙ ነበር፤ ከየጎጡ የጅራፍ ጩኸት ይሰማል፤ በእጃችን የያዝነው ሙልሙል ሙቀቱ አልለቀቀውም። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችን፤ ወዲያውም ነጠላዋን ጎትታ የሕፃኑን ፊት ሸፈነችና ከጉያዋ ጤና አዳም አውጥታ አፍንጫው ሥር ያዘችለት። ነፋሱ ሽታውን ይዞልኝ መጣ። ጤና አዳም ለሌላ ሰው የአይብና የእርጎ ትዝታ ይሆን ይሆናል። ለእኔ ግን የዶሮ ኩስ ጭስና የሚነድ የጥጥ ቀሚስ አብሮት ይመጣል። ስድሳ ዓመት አልፎኛል፤ ግራ ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል፤ ቀኙም ቢሆን ማየት ሰልችቶታል። እንዲህ ያለውን ዓይን እንኳ ዛሬም ሰው ይፈራዋል። ሴትዮዋን አውቃታለሁ፤ ጥሩነሽ ትባላለች። ከሠላሳ ምናምን ዓመት በፊት፣ እሷ ራሷ ጡት ስትጠባ፣ ግንባሯ ላይ እንትፍ ብዬባታለሁ። እንዴት እንደሆነ ልናገር፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ግን አይደለም። ይቅርታ የሚባለውን ነገር እኔ ቤት ያመጣ ሰው የለም፤ እኔም ለማንም አልወሰድኩም።

እኛ የነበርነው ጉና ሥር፣ ከደብረ ታቦር የግማሽ ቀን መንገድ በምትሆን መንደር ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ ንጉሡ ሠራዊታቸውን ይዘው ደብረ ታቦር የሚከርሙበት ዘመን ነበር፣ በቃ። እኔ የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ለአንድ ማረሻ ሁለት ቁና ገብስ፣ ለማጭድ አንድ ቁና ይሰጥ ነበር፤ ጠገራ ብር ያየ ሰው ለሳምንት ያወራዋል። የጉና ብርድ አጥንት ስለሚገባ ወንዱም ሴቱም የበግ ጠጉር ባና ይደርባል፤ የደህና ሰው ሚስት ከሆነች ደግሞ ከባናው ሥር ጥልፍ ቀሚስ ብቅ ይላል፤ ስትራመድ ጥልፉ እንዲታይ ባናውን በክንዷ ከፍ ታደርገዋለች። አባቴ ባለ እጅ ነበር። ፊት ለፊት ሲያገኙት ባለ እጅ ይሉታል፤ ዞር ሲል ቀጥቃጭ፤ ልጅ የታመመባቸው ዕለት ደግሞ ቡዳ። ቀን ሰው መስሎ የሚውል፣ ሌት ጅብ የሚሆን፣ በዓይኑ የሰው ሆድ ዕቃ የሚበላ ማለታቸው ነው።

ማረሻ ያሠራ ገበሬ ገብሱን ከደጃችን ካለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያፈስና ወደ ኋላው ፈቀቅ ይላል። አባቴ ገብሱን አንሥቶ ማረሻውን እዚያው ድንጋይ ላይ አኑሮ ይገባል። ከዚያ ሰውየው መጥቶ ይወስዳል። ከእጅ ወደ እጅ አንድም ነገር አይተላለፍም። ብረቱ ግን ምንም አልነበረበትም! በእሱ ያርሳሉ፣ በእሱ ያጭዳሉ፣ የፋሲካ በጋቸውን በእሱ ያርዳሉ። ዳቦ የሚቆርሱበትን ቢላዋ የመታው እጅ ግን ዳቦውን ቢነካባቸው ለውሻ ይጥሉት ነበር። ከብት የሚጠብቁት ልጆች ሲያዩን የሚያዜሙት ነበራቸው፦

ቀጥቃጭ ያየው ጥጃ ይከሳል ይከሳል፣
ቀን ብረት ይመታል ሌት ሰውን ይቀምሳል።

ዜማው ያምር ነበር። ዛሬ ድረስ የሚያናድደኝም እሱ ነው፤ እኔው ራሴ ከሰል ስለቅም ሳላውቀው አንጎራጉረው ነበር።

አባቴ ከመዶሻው በፊት ያስተማረኝ ዓይኔን መጣል ነው። ላም ስትታለብ ወደ መሬት። ሙሽራ ስታልፍ ወደ መሬት። ሕፃን ያዘለች ስትመጣ ወደ መሬት። የሰባ በሬ ካየህማ ፊትህን አዙረህ ሌላ ነገር የምትፈልግ ምሰል ይለኛል። እናቴ ዘርፌ ግን ሌላ ፍጥረት ነበረች። ሸክላ ሠሪ ናት፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ምላሷ ከአባቴ መዶሻ የከበደ። ገንቦዎቿን ተሸክማ ወደ ገበያ ስትወርድ ሸክሙ እንኳ አንገቷን አያስደፋውም። አንድ ቅዳሜ አብሬያት ስሄድ ልጅ ያዘለች ሴት ከፊታችን መጣችና እንደ ልማዴ አቀረቀርኩ።

«ቀና በል!» አለችኝ።

«ልጁ ቢታመምስ፣ እማየ?» አልኳት።

ሴትዮዋ እስክታልፍ ጠበቀች። ከዚያ ገንቦዎቹን አንድ ባንድ አውርዳ ከመንገዱ ዳር ደረደረችና በጥፊ አጮለችኝ። «ይኸን ከሰው አፍ ስሰማው ችየ ኖሬያለሁ» አለችኝ፤ «ካንተ አፍ ግን አልችለውም። ዓይን ለማየት ነው የተፈጠረ። ሁለተኛ እንዳታቀረቅር!»

ገንቦዎቹን መልሳ ተሸከመች፤ እኔም ጉንጬን ይዤ ቀና ብዬ ተከተልኳት። ቀና ማለት ምን ያህል አንገት እንደሚያም ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

የመንደሩን መሬት አብዛኛውን የያዘችው እመት ላቀች ነበረች። አንቱ ብዬ ልጽፍላት ይገባኝ ነበር፤ በሕይወቷ ሳለች ብዬአታለሁና ይበቃታል። ባሏ ዘምቶ የቀረ፣ በቅሎ የምትቀመጥ፣ የብር አምባሯ ከሩቅ የሚሰማ ወይዘሮ ነበረች። ውብዓለም የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ለጥምቀት ልትዳር ቀን ተቆርጦላታል። ለሠርጓ የምትሰፋው ሌማት ነበርና ወስፌዋ ቢሰበርባት፣ አባቴ ሁለት ወስፌ መትቶላት ልትወስድ ከገረዷ ጋር መጣች። እኔ ያን ጊዜ ዐሥራ አራት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ወስፌዎቹን ይዤ ወጥቼ ድንጋዩ ላይ ላኖራቸው ጎንበስ ስል፣ «አምጣው ወዲህ፣ ደግሞ ለዚህ ማን ይጎነበሳል!» አለችና ከእጄ ወሰደቻቸው። ጣቷ ጣቴን ነካው። ገረዷ «ወይ ሞት!» ብላ ጮኸች፤ ውብዓለም ሳቀች። እኔም አየኋት። እናቴ ቀና በል ብላኛለችና ደህና አድርጌ አየኋት፤ አንገቷን፣ ሹሩባዋን፣ ሳቋን። ምን ታምራለች! አልኩ በሆዴ።

ውብዓለም ከዚያ በኋላ ዘመድ ጥየቃ እብናት ቆላ ወረደች። ተመልሳ ሳምንት ሳይሞላት ተኛች። ያንቀጠቅጣታል፣ ያተኩሳታል፣ ይለቃታል፣ ደግሞ ይመለስባታል። ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞት የመጣ ሰው በየዓመቱ አይጠፋም፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም ምልክቱን ያውቀዋል። የሀብታም ልጅን ግን ንዳድ ይይዛታል ብሎ ማን ይቀበላል? ገረዷ የወስፌውን ነገር ተናገረች። ደብተራ ተጠራ፤ በዶሮ ኩስና በጤና አዳም አጠኗት። ልማዱ እንዲህ ነው፦ የታመመው ሰው ጭሱ ሲበዛበት ይጮኻል፤ «ማን በላሽ? ተናገሪ!» እየተባለ በላይ በላይ ይጠየቃል፤ ስም እስኪጠራም ከጭሱ አያወጡትም። ደጅ ላይ የተሰበሰበው ሰው የሚጠብቀው ስም ደግሞ ከመጀመሪያው የታወቀ ነው፤ በመንደሩ ካንድ ቤት በቀር ባለ እጅ የለማ! ውብዓለም «ዘርፌ!» ብላ ጮኸች። የእኔን ስም አታውቀውም ነበር።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። በላ የተባለው ሰው በታመመው ላይ እንትፍ ካለበት ይለቀዋል ይባላል። እንትፍ ማለት ግን በልቻለሁ ብሎ በሰው ፊት ማመን ነው። እመት ላቀች አገልጋዮቿን አስከትላ ከደጃችን ቆመች። የእኛን ደጅ ስትረግጥ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እንትፍ በይባትና ልጄን ስጭኝ» አለች። «ማንም አይነካሽም። ምየልሻለሁ።»

እናቴ የሸክላ ጭቃ በእጇ ላይ ነበረ። «እመቤቴ፣ ልጅዎን ቆላ ነው ያመማት» አለች። «ምራቄ መድኃኒት ቢሆን አፌ እስኪደርቅ በሰጠሁዎ። ይኸ ግን መድኃኒት አይደለም፤ ቃሌ ነው። ጅብ ነኝ ብየ ልጄን የጅብ ልጅ አላደርገውም።»

አባቴ ተንበርክኮ የእናቴን ቀሚስ ያዘ። «አንች ሴት፣ አንድ እንትፍ ነው! ምን አለበት?»

«አንድ አይደለም» አለችው። «የልጅ ልጆቻችን ድረስ የሚደርስ ነው።»

ይህን ስትል እኔ ከወናፉ ጀርባ ተሸጉጬ ነበር። እኔ ነኝ ያየኋት፣ እኔ ነኝ ብል ምን ነበረበት? አላልኩም። ሰዎቹ እናቴን ከመሬት ጥለው ቀሚሷን ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ቀደዱት። የበላው ሰው እንትፍ አልልም ካለ የልብሱን ቁራጭ አንድደው የታመመውን ያጥኑበታል፤ ያን ቁራጭ ይዘው ሄዱ። ቤታችን ከነእመት ላቀች ቤት ሥር ነበርና የጥጡ ሽታ ከጤና አዳሙ ጋር ቁልቁል ወርዶ ደረሰን። በማግስቱ ረፋድ ላይ ውብዓለም ላብ በላብ ሆና ውሃ ጠየቀች፤ ገንፎም በላች። «አያችሁ?» አለ መንደሩ በሙሉ። ንዳድ ላብ አስወጥቶ እንደሚለቅ ያልሰማ አንድም ገበሬ አልነበረም፤ ያን ቀን ግን ሁሉም ረስቶት ዋለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላረዝመውም። ወናፋችንን በቢላዋ ተረተሩት፤ አባቴ በመታው ቢላዋ ነው። ጎጆዋን አፈረሱ፤ የእናቴን ገንቦዎች ድንጋዩ ላይ ከሰከሱ። ነሐሴ ነበር፤ ዝናቡ አያባራም፤ እናቴ የተቀደደ ቀሚሷን በገመድ አስራ፣ ያለችንን አንዲት ባና እኔን አልብሳ ተነሣን። በቡሄ ማግስት ከመንገድ ዳር ባለ የእረኞች ዳስ ውስጥ ሞተች። በመጨረሻ ያለችኝ ነገር አልነበረም፤ ብርዱ ጥርሷን ገጥሞት ነበር። እዚያ ያለው ቄስ ፍትሐት አልከለከለንም፤ ቦታዋ ግን ከአጥሩ ጥግ፣ የማንም እግር የማይደርስበት ሆነ። እኔም የገደላት ዓይኔ ነው ብዬ አመንኩ። ውሃ ባገኘሁ ቁጥር ጎንበስ ብዬ ዓይኔን አየው ነበር፤ የጅብ ይመስል እንደ ሆነ። እውነቱን ልናገርና፣ አንዳንድ ቀን ይመስለኝ ነበር።

ንጉሡ ባለ እጅ የተባለ ሁሉ ጋፋት ይሰብሰብልኝ ያሉት በዚያ ሰሞን ነው። ጋፋት ከደብረ ታቦር ቅርብ ነው፤ ዛሬ በጎች የሚግጡበት ኮረብታ ያኔ እሳት የማይጠፋበት ነበር። አባቴ ጉጠቱን ይዞ ገባ። ባሕር ተሻግረው የመጡ ፈረንጆች እዚያ መድፍ ያፈስሱ ነበር፤ ለመድፉ ቅርጽ ማውጫ የሚሆነውን የሸክላ ጭቃ ሲያቦኩ ሳይ እናቴ ብታየው ትስቃለች እያልኩ አስብ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት እዚያ ነው፤ አንድ የሥራ ቤቱ ጸሐፊ ከሰል ባቀበልኩት ቁጥር አንድ አንድ ፊደል ያሳየኝ ነበር። እኔ ያለሁበት እቶን የአንድ ቀይ ጢም ፈረንጅ ነበር። የአንጥረኛ ልጅ ነው፤ አባቱም አያቱም ብረት መቺ እንደነበሩ ራሱ በተሰባበረ አማርኛ ነግሮናል። እጁ እንደ አባቴ እጅ ጠቁሯል፤ ጥፍሩ ሥር ያለው የከሰል እድፍ አንድ ነው፤ ብልጭታው የተፋበት ቅንድቡ እንደ አባቴ ቅንድብ ተቃጥሏል። እሱን ግን ማንም ቀጥቃጭ አላለውም። ጥበበኛው ነው የሚሉት።

አንድ ቀን እመት ላቀች በበቅሎ መጣች፤ የሞተው ባሏ ጠመንጃ ምላጩ ተበላሽቶባት ኖሮ ጥበበኛው እንዲያይላት ነው። የውብዓለም ባል አብሯት ነበር። ጠጅ በብርሌ ቀድታ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ ለቀይ ጢሙ ፈረንጅ ከእጅ ወደ እጅ ሰጠችው። ጠጥቶ ሲመልስላት የቀረውን እሷ ጨለጠችው። ያን ጊዜ እኔ ወናፍ ስነፋ አየችኝ። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ሳበች። አባቴ የተሠራውን ምላጭ ይዞ ሲመጣ ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ ከእግሯ ሥር አኖረው፤ እሷም ገረዷ እስክታነሣላት ቆማ ጠበቀች። በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ገባኝ፤ እስከ ዛሬም አልወጣም። ችግሩ ከሰሉ አልነበረም። እሳቱም፣ ብረቱም፣ ዓይኑም አልነበረም። እኛ እኛ መሆናችን ነበር። ያን ጊዜ ራሴን መፍራቴ በአንድ ጊዜ ለቀቀኝ፤ በፈንታው የገባው ግን ሰላም እንዳይመስላችሁ።

ይህ ሁሉ ገብቶኝም፣ ከወንዙ ዳር የሰፈሩት ፋቂዎች የወናፋችንን ቆዳ ይዘውልን ሲመጡ ያቀረቡልኝን እንጀራ አልበላም ነበር። ይሸታሉ ብዬ ነው። አንዱ አንድ ቀን መሶቡን እንደያዘ «አንተም?» አለኝና ሳቀብኝ። እንጀራውን ግን አልበላሁለትም። ይህን የምጽፈው ደግ ሰው ነበርኩ እንዳትሉ ነው።

ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አለፈ። ጺሜ አቀመቀመ፤ የንጉሥ ሥራ ቤት ሰው ነኝና ነጭ ሸማ ለብሼ ገበያ እወጣለሁ፤ ሊነካኝ የሚደፍር የለም። አንድ ጧት እመት ላቀች ጋፋት መጣች። በቅሎዋን ከሩቅ ትታ፣ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ በጫንቃዋ ተሸክማ፣ በባዶ እግሯ። ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ ሰው ጥፋቱን አምኖ ምሕረት የሚለምን ነው። እግሬ ሥር ወደቀች። ውብዓለም ከብዙ ምጥ በኋላ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር፤ ሕፃኗ ጡት አልይዝ ብላ ከስታ ልትሞት ነው። ደብተራው አጥኖ ጠይቆ፣ ሕፃን አፍ የላትምና ራሱ ተናገረላት፤ የዘርፌ ልጅ ነው አላቸው። እናቴን ከመሬት ጥለዋት ነበር፤ እኔን መንካት ስላልቻሉ መለመን ሆነ።

«ጌታየ፣ አንቱ» አለችኝ፤ አዎ፣ አንቱ። «ይማሩኝ። እንትፍ ይበሉባት። አንድ ጊዜ።»

አባቴ ፊቴን አየና ደነገጠ። «እንደ እናትህ በላት» አለኝ በጆሮዬ። «አይደለሁም በል። እዚህ ማንም አይነካህም። እናትህ ያጣችውን አንተ አግኝተሃል፤ አይደለሁም በል፣ ልጄ!»

እኔ ግን ሸማዬን አጣፍቼ ተነሣሁ። የምሄደው ለሕፃኗ አልነበረም። መንደሩ ሁሉ በእመት ላቀች ደጅ ተሰብስቦ ነበር፤ እናቴን ከመሬት የጣሏት ሰዎችም ነበሩ፤ ሲያዩኝ መንገድ ለቀቁልኝ። ውብዓለም ሕፃኗን ታቅፋ ከምሰሶው ሥር ተቀምጣለች፤ ዓይኗን ወደ መሬት ጥላ። አሁን ደግሞ እሷ! ሕፃኗን ከእቅፏ ወሰድኳት። ቀላል ነበረች፤ አፏ ውስጥ ነጭ ነገር እንደ እርጎ ወርሶት አየሁ፤ ጡት የከለከላት እሱ ነበር። አየሁት፣ ገባኝም፤ ዝም አልኩ።

«እመት ላቀች» አልኳት ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «እናቴ ዘርፌ ልጅዎን በልታ ነበር?»

«አልበላችም» አለች ፈጥና። «ንጹሕ ነበረች።»

«እንደገና ይበሉት።»

«ዘርፌ ንጹሕ ነበረች! እኔ ነኝ የበደልኳት!»

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ! የመጣሁበትን አግኝቼ ነበር። ሕፃኗን መልሼ፣ አፏን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉላት ብዬ ልሄድ እችል ነበር። ግን እመት ላቀች ፊት ላይ ያለው ፍርሃት ጣፈጠኝ። ይበልጥ እንድትፈራ ፈለግሁ። «እናቴማ ንጹሕ ነበረች» አልኩ። «የበላሁ እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ውብዓለምን፣ ዛሬም ይህችን። ከፈለግሁም ነገ ሌላ።» ከዚያ ሕፃኗ ግንባር ላይ እንትፍ አልኩ። ደብተራው በጤና አዳም ውሃ አፏን ደጋግሞ አጠበላት፤ በሦስተኛው ቀን ጡት ያዘች። እንትፍታው ነው ያዳናት ተባለ።

ጋፋት ስደርስ አባቴ ከእቶኑ ፊት ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ከሰው ሰምቶ ነበር። «እናትህ ሞታ ያልተፋችውን አንተ ተፋኸው» አለኝ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልወጣውም።

እኔ ግን ገና መጀመሬ ነበር። በየቅዳሜው ገበያ ሄጄ ከዋርካው ሥር እቆማለሁ። እመት ላቀች ስትመጣ አያታለሁ፤ በቃ፣ ሌላ ምንም አላደርግም። ቅቤ ስትመርጥ አያታለሁ። ማር ስታስለካ አያታለሁ። አምባሯ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከቆምኩበት ይሰማኛል። ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን ብዬ ልዋሽ? ሥራዬን የምጨርሰው ለቅዳሜ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ገረዷን እየላከች ማርና ቅቤ ከደጃችን ድንጋይ ላይ ታስቀምጥልኝ ጀመር። እነሱ ድንጋይ ላይ እንደሚያስቀምጡ፣ እኔም ገረዷ ፈቀቅ እስክትል ጠብቄ እንደማነሣ አስተውሉልኝ። በሁለተኛው ዓመት ገበያ መውጣት ተወች፤ እኔ በቤቷ ፊት ለፊት ማለፍ ጀመርኩ። በሩን ትዘጋለች። እንጀራ አልወርድ አላት አሉ፤ ጥልፍ ቀሚሷ ከትከሻዋ ይወርድ ጀመር አሉ። በሦስተኛው ዓመት የጾም መያዣ ላይ ሞተች። የሞተችው በበሽታ አልነበረም፤ ደብተራውም መድኃኒት አጣሁላት አለ። ለቅሶዋ ላይ አልደረስኩም። ከሩቅ ቆሜ አየሁ።

እንግዲህ ቡዳ ነህን ብላችሁ ብትጠይቁኝ ምን እላለሁ? ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ሴት በዓይኔ በላሁ፤ ሰው እያየ። በጅብ መልክ አልሄድኩም፤ መሄድም አላስፈለገኝም። ይህን ሥራ ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው፤ ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ። ይጸጽትሃል ወይ? አይጸጽተኝም። ዛሬም ቢሆን አምባሯ ሲንቀጠቀጥ የሰማሁትን ድምፅ ሳስበው ሆዴ ይሞቃል። የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ጋፋት ኋላ ፈረሰ፤ መድፉንም ሰው እየጎተተ ወሰደው፤ ያ ዘመን በአንድ ጊዜ ጠፋ። እኔ ደብረ ታቦር ቀርቼ የሸክላ ሠሪ ልጅ አገባሁ። የሺ አንዲት ልጄ ናት። አንገቷ የእናቴ ነው፤ ቁመቷም። ሠላሳ ሊሞላት ነው። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ መጥቶላት ሦስት ጊዜም የማን ልጅ እንደሆነች ሲነገራቸው ሳይቀመጡ ተመልሰዋል። ድሮ የሚሉን «ባለ እጆች ናቸው፣ ይጠረጠራሉ» ብቻ ነበር። አሁን ግን ጥርጣሬ የለም፤ አባቷ በመንደር ፊት በአፉ ተናግሯል ይባላል። ለልጅ ልጅ የሚነገር ወሬ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ከእመት ላቀች ቤትም የልጅ ልጇ ጥሩነሽ ይህን እየሰማች አደገች።

ወደ ቡሄው ልመለስና ልጨርስ። ጥሩነሽ ነጠላዋን ስባ ሕፃኑን ስትሸፍን፣ እኔ እንደ ልማዴ አንገቴን ቀና አድርጌ በአንዷ ደህና ዓይኔ አፈጠጥኩባት። ይህችን ያህል ደስታ ቀርታልኛለች። ግን እኔን አላየችኝም። ሞራ የጋረደውን ሽማግሌ ማን ይፈራል! የምታየው ከጎኔ የቆመችውን ነበር። ዞር አልኩ። የሺ ሙልሙሉን በሁለት እጇ ይዛ፣ ያን የእናቴን አንገት ደፍታ፣ መሬት መሬቱን ታያለች። እኔ ይህን አላስተማርኳትም። አንድም ቀን አላስተማርኳትም።

«ቀና በይ!» አልኳት። ድምፄ የእኔ አልነበረም።

ቀና አላለችም። ጥሩነሽ እንዳትሰማት ብላ በሹክሹክታ፣ «ልጁ ቢታመምስ፣ አባየ?» አለችኝ።

እጄ ለጥፊ ተነሣ። ከዚያ መልሼ አወረድኩት። እናቴ እኔን በጥፊ የመታችኝ ጊዜ በማንም ላይ እንትፍ ብላ አታውቅም ነበር።